ኢኤፍ 60 ከሆነ ልቡ ደህና ነው?

የክርክሩ መነሻ ይህ ነው። የአንድ ሰው የአኦርታ ቫልቭ፣ ማለትም ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር፣ ክፉኛ ጠቧል፤ ሰውየው ግን ምንም አይሰማውም። የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኤኮ፣ ሲሠራለት ኢኤፉ፣ ማለትም ልቡ በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚረጨው ድርሻ፣ 60 በመቶ ሆነ። መመሪያዎች ሕመም ባይሰማም ኢኤፉ ከ50 በታች ከወረደ ቫልቩ ይቀየር ይላሉ። እስከዚያው በዚህ ቁጥር ተማምኖ መጠበቅ ይቻላል? የኤኮ ባለሙያዋ አይቻልም ይላሉ። የልብ ሐኪሙ አይስማሙም።

የኤኮ ባለሙያዋ፦

ዶክተር፣ ያንን 60 በየቀኑ የምጽፈው እኔ ነኝ። ከየት እንደሚመጣ ልንገርዎ። ኢኤፍ የግራው ታችኛው የልብ ክፍል ከያዘው ደም ስንት እጁን እንደረጨ ነው የሚናገረው። ድርሻ እንጂ ጉልበት አይደለም። ቫልቩ ሲጠብ ልብ በዚያ ጠባብ በር ደም ለመግፋት ግድግዳውን ያወፍራል፤ ውስጡም ይጠባል። 100 ሚሊ ሊትር ይዞ 60 የሚረጭ ልብ 60 በመቶ ነው። 70 ይዞ 42 የሚረጭም ያው 60 በመቶ ነው። ሰውነት የሚደርሰው ደም ግን እኩል አይደለም።

ሌላም አለ። ጫናውን መጀመሪያ የሚቀምሱት ከልብ ውስጠኛ ሽፋን ሥር ያሉት የጡንቻ ክሮች ናቸው። የተዘረጉትም በቁመት ነው፣ ከልብ ጫፍ ወደ ቫልቮቹ። ቀድሞ የሚሰንፈው ይሄ የቁመት መኮማተር ነው። ኢኤፍ አያየውም፤ ዙሪያውን የሚጨምቁት ክሮች ይሸፍኑለታል። ስትሬን የሚባለው የኤኮ ልኬት ግን ያየዋል። ማሽኑ በምስሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች እየተከተለ ጡንቻው በቁመቱ ስንት በመቶ እንዳጠረ ያሰላል። ጤናማ ልብ 20 በመቶ ገደማ ያጥራል። ኢኤፉ 60፣ ስትሬኑ 13 የሆነ ሰው አልጋዬ ላይ ተኝቶ አውቃለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው «ደህና ነህ፣ ከስድስት ወር በኋላ ና» ማለት ያመኛል። ኢኤፉ እስኪወርድ ከጠበቅን ጡንቻው በጠባሳ ይተካል። ጠባሳ ደግሞ ቫልቭ ስለተቀየረ አይጠፋም።

የልብ ሐኪሙ፦

እህቴ፣ ስለ ጡንቻው ያሉት ልክ ነው። የእኔ ጥያቄ የሰው ደረት እንዲከፈት በየትኛው ቁጥር እንወስን ነው። ያ 13 የተለካው የሰውየው የደም ግፊት ስንት ሆኖ ነው? ግፊቱ 180 ሲሆንና 130 ሲሆን ስትሬኑ አንድ አይደለም። የአንዱ ኩባንያ ማሽን የሰጠው ቁጥርም ከሌላው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የልብ ምቱ የተዛባ ከሆነማ ጨርሶ ያስቸግራል።

ደግሞ መሠረቱን እናጥብቅ። የቫልቩን ስፋት ስናሰላ ከቫልቩ በታች ያለውን መውጫ ለክተን በራሱ እናባዛዋለን። 2 ሴንቲሜትር የሆነውን 1.8 ብለው ቢለኩት፣ 1.1 ካሬ ሴንቲሜትር የነበረው ቫልቭ 0.9 ሆኖ ይመጣል። ከባድ የምንለው ከ1 በታች ነው! ሁለት ሚሊ ሜትር መሳት መካከለኛውን ሰው ከባድ አደረገው። የደሙ ፍጥነት በሰከንድ 4 ሜትር ደርሷል? በቫልቩ ወዲያና ወዲህ ያለው አማካይ የግፊት ልዩነት 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ደርሷል? ሰውየው ትሬድሚል (የመሮጫ ማሽን) ላይ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል? እኔ የምተማመነው በእነዚህ ነው።

የኤኮ ባለሙያዋ፦

ኢኤፍስ በግፊት አይለዋወጥም? ፕሮቡን፣ ደረት ላይ የሚያርፈውን የኤኮ መሣሪያ፣ ከልብ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጌ ካስቀመጥኩት ልቡ አጥሮ ይታያል፣ ቁጥሩም ያሳስታል። አንዱን ምስል ሁለት ሰው ቢለካው አንዱ 55፣ ሌላው 62 ሊል ይችላል። ይህን ስህተት ስለለመድነው ነው የማንፈራው።

ወደሚያፈስሰው ቫልቭ ይምጡ። ማፍሰሱ ሲከፋ ከተረጨው ደም ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ተመልሶ ይገባል። ኢኤፍ ግን እሱንም «ወጣ» ብሎ ይቆጥራል። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለዚህ ሕመም ገደቡን ከ50 ወደ 55 ከፍ ያደረገው ለምን ይመስልዎታል? 50ን መጠበቅ መዘግየት ስለሆነ ነው።

የልብ ሐኪሙ፦

በሚያፈስሰው ቫልቭ ላይ አሸንፈውኛል። በጠባቡ ላይ ግን ገና ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ኧርሊ ታቪር የተባለ ጥናት ሕመም የማይሰማቸውን ሰዎች ወስዶ ቶሎ ቫልቭ መቀየርን ከመጠበቅ ጋር አወዳደረ። ቶሎ የተቀየረላቸው በተሻለ ሁኔታ ተገኙ። ልዩነቱ በአብዛኛው የመጣው ግን ሳይታሰብ ሆስፒታል ከመግባት እንጂ ከሞት አልነበረም። ሰዎቹም የተመረጡት በስትሬን አይደለም። ቶሎ መቀየር ይጠቅማል ካሉኝ እሰማለሁ። ስትሬን ይምረጥልን ካሉኝ ግን ማስረጃው ገና ነው።

የኤኮ ባለሙያዋ፦

ይምረጥልን አላልኩም። ያንቃን ነው ያልኩት። ስትሬኑ 13 የሆነውን ሰው ስድስት ወር አላስጠብቅም።

የልብ ሐኪሙ፦

ሦስት ወር ይሁን። በዚያው ማሽን፣ የደም ግፊቱም ከቁጥሩ ጎን ተጽፎ። ትሬድሚሉ ግን በዚህ ሳምንት ይሁንልኝ።