ኮምጣጤውን ከእብነ በረዱ አርቁልኝ!

እባካችሁ፣ እብነ በረድ ላይ ኮምጣጤና ሎሚ አታፍስሱ! «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» የሚል ምክር የሚያሰራጭ ሰው ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አሲድ ሲነካው ይሟሟል፤ ያ ብቅ የሚለው አረፋ ቆሻሻው እየለቀቀ ሳይሆን ድንጋዩ እየተበላ የሚወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከዚያ የደበዘዘ ምልክት ይቀራል። እሱን ደግሞ እድፍ መስሏቸው ሲፈትጉት ይውላሉ! ላዩ እኮ ነው የተበላው፤ የሚመለሰው እንደገና ተሞርዶና ተወልውሎ ነው።

«ግን ማሸጊያ ተቀብቷል» ይሉኛል። ወይ ማሸጊያ! ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች የሚሰርገው ማሸጊያ ዘይትና ቀለም ቶሎ እንዳይገቡ ያዘገያል እንጂ አሲድን አይመክትም። ሳያስፈልግ ደራርበው የሚቀቡትማ አይነሳ። ጠብታ ውሃ አሳርፎ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ምን ይከብዳል? ድንጋዩ ካልጠቆረ ማሸጊያ አልጠማውም። ድንጋዩ ያልጠጣው የማሸጊያ ትርፍ ሳይጠረግ ሲደርቅ የሚያጣብቅ ጭጋግ ይሆናል፣ ከዚያ «ምርቱ የማይረባ ነው» ይባላል።

ግራናይት እንኳ ይሻላል፤ የተሠራባቸው ማዕድናት፣ ኳርትዙና ፌልድስፓሩ፣ ለኮምጣጤ ቶሎ እጅ አይሰጡም። በሴራሚኮች መካከል ያለውን የሲሚንቶ ሙሌት ግን አሲድ ይበላዋል። ተቦርቡሮ ውሃ ማስገባት ሲጀምር ደግሞ ጥፋተኛው ሁሌም ያነጠፈው ባለሙያ ነው! ፒኤቹ 7 አካባቢ የሆነ፣ ማለትም አሲድም አልካሊም ያልሆነ የድንጋይ ማጽጃ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ። ይኸው ነው፤ ግን ማን ይሰማል?