እሳቱ ጠፋ፣ እኛ ዋሽንግተን ነን

እኔ የምለው፣ አንድ ሳህን ሥጋ በሰላም መብላት ለምንድነው እንዲህ ያቃተን? ይህን የምጽፈው ከባርቤኪው ተመልሼ ነው። ሸሚዜ ጭስ ጭስ ይሸታል። ጭሱስ ታጥቦ ይለቃል፣ ጭቅጭቁ ግን እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል። ካልተነፈስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳላስ አጠገብ፣ ጋርላንድ የሚኖር ጓደኛችን ጓሮው ላይ በርሜል የሚያህል የሥጋ ማጨሻ ተክሏል። ያንን ነገር ከገዛ ወዲህ ሰውየው ቴክሳስ የተወለደ መስሎታል። እንጨቱ ፖስት ኦክ ካልሆነ አይሆንም። ቅመሙ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ። ሶስ የሚጠይቅ ሰው ቤቴ አይምጣ ይላል። (ሚስቱ ግን በጓዳ በር በኩል አዋዜ ታሾልክልናለች፣ እግዜር ይስጣት።)

የሚሠራው ብሪስኬት ነው፣ የእኛው ፍርምባ። እናቴ ፍርምባ የምትገዛው ለቅቅል ነበር። ከብቱ ክብደቱን የሚሸከምበት ጡንቻ ስለሆነ ድርቅ ያለ ሥጋ ነው፣ በቀስታ ካልሆነ እጅ አይሰጥም። ጓደኛችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቶ ይጭነዋል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ይደርሳል ተብሎ ይጠበቃል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ሰው እሳቱ አጠገብ መቀመጥ አለበት። በየአርባ ደቂቃው አንድ ፍልጥ። ሌላ ምንም ሥራ የለውም። አንድ ፍልጥ!

ቀኑን ደግሞ በስንት መከራ ነው ያገኘነው። ጁላይ 4 አይሆንም፣ ምክንያቱም በየዓመቱ የሰኔ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። ግማሹ «እሱ የቄስ ጾም ነው» እያለ ይበላል፣ ግማሹ ሽሮ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ መተያየት ነው። በ2025 ጭራሽ ዓርብ ዋለና የቄስ ጾም የሚባለው ማምለጫም ተዘጋ። ስለዚህ ሌበር ዴይ (የአሜሪካኖቹ የሠራተኞች ቀን) ላይ ተስማማን። ጾም የለ፣ ሥራ የለ፣ ልጆች ትምህርት ቤት አይሄዱ። እኔ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ይህን ፍርምባ ሳልም ነበር።

ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ጓሮው ሞልቷል። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ጥላው ሥር ወንበራቸውን ይዘዋል። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ዩቲዩብ ላይ ነው የሚያድሩት። ገና ተቃቅፈን ሰላምታ ሳንጨርስ «ፍርድ ቤቱ ያደረገውን ሰማህ?» አሉኝ። የትኛው ፍርድ ቤት? ምኑን? እኔ እኮ ሥጋ ልበላ ነው የመጣሁት።

አለቀ። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል?

ጋሼ የ2024ቱን ውሳኔ አነሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ለሠራው ነገር ከወንጀል ክስ ከለላ አለው ያለበትን፣ ስድስት ለሦስት። «አያችሁ» አሉ ጋሼ፣ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ። አባቶቻችን ጨርሰውታል።» ኡበር የሚነዳው ጓደኛችን ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እዚህ አገር እኮ ሰው የሞተው ንጉሥ እንዳይኖር ነው!» ነርሷ በበኩሏ ሁሉም ነገር ዕድል ነው አለች። ትራምፕ በመጀመሪያው አራት ዓመት ሦስት ዳኛ ሾመ፣ ባይደን አንድ፣ ካርተር ምስኪኑ አራት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ አንድም ቦታ አልተከፈተለትም። «ዕድሜ ልክ ከተሾሙ ሞታቸውን መጠበቅ ነው እንግዲህ» አለችና ሳላዷን ቀጠለች። እውነት ለመናገር ከሁሉም ያስተዋለችው እሷ ነች። ግን ማን ይሰማታል? ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ እዚህ ጓሮ ደግሞ የሚያሸንፈው የጮኸ ነው።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። አፌን መያዝ አቅቶኝ ታፍትን አመጣሁ። ዊልያም ታፍት ፕሬዚዳንትም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛም የሆነ ብቸኛው ሰው ነው። በዚያ ላይ በ1910 የቤዝቦል ጨዋታ መክፈቻ ኳስ የወረወረ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት። ፎቶውን ያየ ሰው ደግሞ ሥጋ ይጠላ ነበር አይልም። ፖለቲካ፣ ፍርድ፣ ስፖርት፣ ሥጋ፣ ሁሉም በአንድ ሰው አለቀ፣ እንብላ ለማለት ነበር። ጭራሽ ቤንዚን ሆነ። «ቤዝቦል አልክ?» አለ አንዱ። ዋና ዳኛው ሮበርትስ በ2005 ሴኔት ፊት ቀርቦ ዳኛ ማለት እንደ ቤዝቦል ዳኛ ነው፣ ሥራው ኳሷን መፍረድ ነው እንጂ መጫወት አይደለም ያለውን አነሳ። ፈረንጆቹ ለችሎቱና ለሜዳው ሁለት የተለያየ ቃል ስላላቸው ንግግሩ ትልቅ ብልሃት መሰላቸው። እኛ ዘንድ ሁለቱም ዳኛ ነው፣ ሁለቱም ይሰደባል። ወዲያው አንዱ የአርሰናል ደጋፊ «ታዲያ ቫር ይግባላቸዋ!» ብሎ ጮኸ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ፍርድ ቤት ይሁን ስለ ፍፁም ቅጣት ምት እየተነጋገርን እንደሆነ አላውቅም።

ባለቤቱስ? የእሳቱ አለቃ? ቆሞ ስለ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ያስረዳል። ጆንሰን በዲሴምበር 1963 የምዕራብ ጀርመኑን መሪ ኤርሃርድን ቴክሳስ ድረስ አምጥቶ በባርቤኪው እንደተቀበለው፣ ብርዱ ቢከፋ ድግሱን ወደ ትምህርት ቤት ጂም እንዳስገቡት። ጥሩ ታሪክ ነው፣ ከአፉ አላጣጥልበትም። ግን ያኔ ሥጋውን የሚጠብቅ ሰው ነበረ!

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። እስቲ ልጠይቃቸው ብዬ አንድ ነገር ጠየቅሁ። «ይሄ ሁሉ ሰው ዘጠኙን የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በስም ይጠራል። የሰፈራችሁን ዳኛ ስም የሚነግረኝ አለ?»

ዝም። አንዱ «የምን ሰፈር ዳኛ?» አለ።

ቴክሳስ ውስጥ ዳኛ ይመረጣል እኮ ወገኖቼ። እንደ ስቴቱ ገዥ፣ በፓርቲ ተወዳድሮ። ከታች ጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ ከሚባለው (ጋሼ «በጃንሆይ ጊዜ አጥቢያ ዳኛ የምንለው ነው» አሉ፣ ልክ ናቸው) እስከ ላይ ድረስ። ላይኛውማ ሁለት ነው፣ ለፍትሐ ብሔር አንድ፣ ለወንጀል አንድ፣ እያንዳንዱ ዘጠኝ ዘጠኝ ዳኛ። የታችኛው ደግሞ ሕግ የተማረ መሆን እንኳ ግዴታ የለበትም፣ ግን ከቤት የሚያስወጣህና እስከ 20,000 ዶላር ያለውን ክስ የሚፈርደው እሱ ነው። ድሮ የፓርቲውን ስም አንዴ ተጭኖ ዕጩዎቹን በሙሉ መርጦ መውጣት ይቻል ነበር። ከ2020 ወዲህ ቀርቷል፣ አንድ በአንድ ነው።

እና እኔ ምን አደረግሁ? ካለፉት ምርጫዎች በአንዱ ማሽኑ ፊት ቆሜ የላይኞቹን ትልልቅ ስሞች እንደ ጀግና መረጥሁ። ከዚያ ዳኞቹ መጡ። ገጽ በገጽ። የማላውቀው ስም፣ የማላውቀው ችሎት፣ እንደገና የማላውቀው ስም። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። ጥቂቶቹን ስማቸው ደስ ስላለኝ ነካሁ፣ የቀረውን ዘለልሁ። «መርጫለሁ» የምትለዋን ተለጣፊ ደረቴ ላይ ለጥፌ ፎቶ ተነሳሁ፣ ላይክም አገኘሁ።

ከዓመት በኋላ ከአፓርታማ ስወጣ 1,400 ዶላር ዲፖዚቴን (የኪራይ መያዣዬን) ያዙብኝ። ምንጣፍ አበላሽተሃል ነው ምክንያቱ፣ ምንጣፉ እኔ ስገባም እንዲያው ነበር። ከሰስሁ። ችሎቱ ስገባ በሩ ላይ የተጻፈውን ስም አየሁት። አወቅሁት። የዘለልሁት ስም ነው! ምን ዓይነት ሰው ትሁን አላውቅም፣ ልጠላትም ልወዳትም ዕድሉ ነበረኝ፣ ግን ማሽኑ ላይ አላየኋትም።

ዳኛዋ የምንጣፉን ፎቶ አላየች፣ ደረሰኜን አላየች። የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነው። «አዲሱን አድራሻህን በጽሑፍ ሰጥተሃቸዋል?» በስልክ ነግሬያቸዋለሁ አልኩ። አየችኝ፣ እንደ አክስት ነው ያየችኝ። ሕጉ አከራዩ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል፣ ሆን ብሎ ከያዘ ሦስት እጥፍና ተጨማሪ 100 ዶላር ያስከፍለዋል፣ ነገር ግን ተከራዩ አድራሻውን በጽሑፍ እስኪሰጥ ድረስ የመመለስ ግዴታ የለበትም። በጽሑፍ! አንድ ብጣሽ ወረቀት! አራት ደቂቃ አልፈጀም። የመኪና ማቆሚያ እንኳ ከፍዬ ነበር።

ይህን ስናገር ጓሮው ትንሽ ጸጥ አለ። ነርሷ ከንፈሯን መጠጠች። ያ የኡበር ሹፌር ስልኩን አውጥቶ የእሱ ዳኛ ማን እንደሆነ መፈለግ ጀመረ። ደስ አለኝ፣ በቃ ሰው ሰማኝ ብዬ። ከዚያ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እሱ ቀላል ነው፣ ትልቁ ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ...» አሉ።

ኧረ ጋሼ! ፕሬዚዳንቱ ነው ወይ 1,400 ዶላሬን የያዘው?

ሌላው ደግሞ ስልኩን ከፍቶ ካውቦይስን፣ የዳላስን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ አመጣ። የጨዋታ ዘመኑ በዚያ ሳምንት ነው የሚጀምረው፣ «ዘንድሮ የእኛ ነው» ይላል። እንግዲህ ካውቦይስ ሱፐር ቦውል (ትልቁን ዋንጫ) ያነሱት ለመጨረሻ ጊዜ ጃንዋሪ 1996 ነው። እኔ ያኔ አገር ቤት ብይ እጫወት ነበር። በየዓመቱ ሌበር ዴይ ላይ «ዘንድሮ የእኛ ነው» ይባላል፣ በየዓመቱ ሱፐር ቦውል ሳይደረስ ቤቱ ልቅሶ ቤት ይሆናል። ግን በዚህ ጉዳይ ላይ አንድም ሰው «የትኛው ቡድን?» ብሎ አልጠየቀም። የሁሉንም ተጫዋች ስም ያውቃሉ። ተጠባባቂውን ሳይቀር።

በዚህ መሃል የባለቤቱ ትንሹ ልጅ አባቱን ሱሪው ላይ ይጎትታል። «ዳዲ፣ እሳቱ።» አባት ጆንሰን ላይ ነው። «ዳዲ፣ እሳቱ!» ቆይ አንዴ ማሙሽ፣ ትልልቅ ሰው እያወራ ነው። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀና ኳሱን ይዞ ሄደ። እኔም ሰምቼው ነበር፣ አልዋሽም። ግን ስለ ዲፖዚቴ ገና አልጨረስሁም ነበር።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሆዴ ሲጮህ ተነስቼ ክዳኑን አነሳሁ። ፍልጦቹ አጠገቡ እንደተደረደሩ ናቸው። ውስጡ አመድ። የሙቀት መለኪያው ከእኛ ጓሮ ሙቀት ብዙም አይበልጥም። ፍርምባው ከላይ ጠቁሮ፣ ከውስጥ ጫማ ሆኖ ተኝቷል። ባለቤቱ መጥቶ ቆመ። እጁን ክዳኑ ላይ አደረገ፣ አልሞቀውም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ምንም አላለም። ከዚያ እሳቱን እንደገና አያያዘው፣ ሁለት ሰዓት ብቻ አለን። ሁለቱ ሰዓት አራት ሆነ፣ ሥጋው ያው ነው።

ሚስቱ ናት የገላገለችን። ትልቁን ሥጋ በትሪ ይዛ ገባች፣ ቢላ አነሳች፣ መክተፍ ጀመረች። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል። ሰውየው ይህን ሲያይ ከበሩ ሆኖ «በሕግ አምላክ! ብሪስኬት እንዲህ አይደረግም!» ብሎ ጮኸ። ቢላዋን ሳታቆም፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው፣ «ይግባኝ በል» አለችው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ጥብስ በእንጀራ በላን። ጥብሱ ያሳብዳል። ጋሼ ያን ጊዜ ኒክሰን ላይ ደርሰው ነበር።