ሙዚቃም ሰፈር አለው

ዋሽንግተን ዲሲ እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ዘጠነኛው መንገድ ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ማታ ማታ ማስተናገድ ነበር። ከሾው ሜትሮ ወጥቼ በሰባተኛው መንገድ ሽቅብ እሄዳለሁ። ፍሎሪዳ አቬኑ ጥግ ላይ አንድ የሞባይል መሸጫ ሱቅ አለ። ደጁ ላይ ድምፅ ማጉያ ተቀምጦ ከበሮ የሚበዛበት ሙዚቃ ይለቃል። አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ትከሻውን ይነቀንቃል። ከሥራ የሚመለሱ ሴቶች ፌስታላቸውን እንዳንጠለጠሉ ሁለት ሦስቴ ወዝወዝ ብለው ያልፋሉ።

አንድ ቀን ከወጥ ቤታችን እናት ጋር በዚያ በኩል አለፍን። ቆም ብለው አዳመጡና፣ «ልጄ፣ ይሄ ዘፈን አያልቅም እንዴ?» አሉኝ።

«አያልቅም፣ እማማ። ስሙም ጎ-ጎ ነው። ሂድ ሂድ እንደማለት።»

«እንግዲያማ የሠርግ ዘፈን ነው በለኛ!» አሉ።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ጎ-ጎ እዚሁ ዲሲ የተወለደ ሙዚቃ ነው። አባቱ ቸክ ብራውን ይባላል። በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) አንድ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀመር ጨፋሪው ወደ ወንበሩ ይመለስበት ነበር። እሱ ግን ከበሮው በመሃል እንዳይቆም አደረገ። ሰውም ሳይቀመጥ አመሸ። ከፊት የቆመው መሪ ደግሞ ዘፍኖ ብቻ አይወርድም። እታች ያለውን ሰው በስሙ ይጠራል፣ ልደቷ የሆነችውን ያወድሳል። የሰፈር ስም እያነሳ «አላችሁ ወይ?» ይላል። የዚያ ሰፈር ሰው ይጮሃል፣ ከበሮው ይቀበላል።

መጀመሪያ ይህን ሳይ ልቤ በቀጥታ የሄደው ወደ ካዛንቺስ ነው።

የካዛንቺስን አዝማሪ ቤት ለማያውቅ ልጅ እንዴት ልንገረው? ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳውን ተጠግቶ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ጠጅ በብርሌ፣ ቢራ በጠርሙስ ይመጣል። ማሲንቆ የያዘው ሰው በጠረጴዛዎቹ መሃል እየተዘዋወረ ፊትህን ያነብሃል። ጓደኛህ በጆሮው አንድ ነገር ሹክ ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግጥም ላንተ ብቻ የተሠራ ነው። ግጥም ያለው እንግዳም «ተቀበል» ብሎ ይሰጠዋል፣ አዝማሪውም በዜማ ይመልሰዋል። ወደ አሜሪካ ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ጓደኞቼ እዚያ ወሰዱኝ። ሰውየው ስለ ጉዞዬ ሰምቶ፣ ስለ ሁለቱ ሻንጣዎቼና ስለ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሏቸው ጠይቆ፣ እንዲህ አለኝ፦

ሻንጣህ ከሞላማ ሚዛኑ ይቆጣል፣
ካዛንቺስን ግን ማን በኪሎ ያወጣል?

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ብር አውጥቼ ግንባሩ ላይ ለጠፍኩለት። ያኔ ለቀልድ ነበር የሰማሁት።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። «ካዛ ኢንቺስ» ይሏቸው ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው ማታችንን ወስዶት ቆየ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማታው ሲመለስ የሰፈሩ አዝማሪ ቤቶች ደመቁ። ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የወጣው ፈንዲቃ ነው። መላኩ በላይ እዚያ ቤት እያደረ ለጉርሻ እስክስታ ይመታ የነበረ ወጣት ነበር። ኋላ ቤቱን ራሱ ተረከበና የሥዕል ማሳያ፣ የጃዝና የግጥም ማምሻ ጨምሮበት የባህል ማዕከል አደረገው። ፈረንጁም የሰፈሩም ልጅ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቀመጥ ነበር።

ወደ ዲሲው ጥግ ልመለስ። ያ ሱቅ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎ-ጎ ሲያሰማ ኖሯል። ዙሪያው ግን ተለወጠ። አሮጌው ሁሉ እየተነሣ ውድ አፓርታማ ተተከለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ከአዲሶቹ ነዋሪዎች ቅሬታ መጣና ሙዚቃው ጠፋ። ያን ሰሞን ያየሁትን አልረሳውም። ሰው በየምሽቱ ወጣ። ባንዶች መሣሪያቸውን መንገድ ላይ ተከሉ። ተማሪው፣ ሽማግሌው፣ ሕፃን ያዘለችው መንገዱን ሞሉት። ከ80,000 በላይ ሰው ፊርማውን አኖረ። በቀናት ውስጥ ድምፁ ተመለሰ። በ2020 ደግሞ የከተማው ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ተፈርሞ ጎ-ጎ የዋሽንግተን ዲሲ ይፋዊ ሙዚቃ ሆነ።

ለእኔ ይህ ነገር አንድ የቆየ ቅሬታዬንም ፈታልኝ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የእኛ ሰዎች ያን የዘጠነኛውን መንገድ ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማሰኘት ሞክረው ነበር። በሎስ አንጀለስ በ2002 እ.ኤ.አ. ተሳክቷል። እዚህ ግን ነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን ተቃወሙ። እኔም ከተናደዱት አንዱ ነበርኩ። ምግብ ቤቱን የከፈትን፣ ጨለማውን መንገድ በመብራት የሞላን እኛ አይደለንም ወይ እል ነበር። አሁን ግን ይገባኛል። ዝነኛው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚያው አካባቢ ነው። እኛ ሀገር መጥቶ፣ በ1973 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የተገናኘውና ከጃንሆይ ኒሻን የተቀበለው ያው ዱክ። ለእነሱ ያ መንገድ ገና ሳንደርስበት ስም ነበረው። ኪራዩ ሲንር የእኛም ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዱ። ሰፈር መልቀቅ ምን እንደሆነ ሁለታችንም አየነው።

ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ፈረሰ። በኮሪደር ልማቱ ፈንዲቃም አብሮ ተነሣ። ባለፈው ስሄድ መንገዱን በእግሬ ጨረስኩት። እውነቱን ልናገር፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ያምራል። እናቴ ዕድሜ ልኳን በጭቃ የተንሸራተተችበትን አውቃለሁና ልማት አያስፈልግም የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቆሜ ጆሮዬን ጣልኩ። የመኪና ድምፅ ብቻ ነበር። አዝማሪ ቤቱ ነበረ ብዬ ባሰብኩት ቦታ ላይ የተተከለች ችግኝ ውኃ ጠጥታ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። የድሮ ጎረቤቶቻችን ለመልቀቅ የተሰጣቸው ጊዜ አጭር እንደነበር፣ አንዱ ወደዚህ አንዱ ወደዚያ እንደተበተነ ነገሩኝ። ቤት በምትክ ይሰጥ ይሆናል። ያቺ ጠባብ ክፍል ግን ከዙሪያዋ ሥጋ ቤት፣ ከጀበና ቡና ሻጯ፣ ከባለ ጉሊቷ፣ ከማታ ታክሲው ጋር ነበር የምትሠራው። አዝማሪው የሚገጥመው የሚያውቀውን ሰው እያየ ነው። በሆቴል አዳራሽ መድረክ ላይ ቢያቆሙት ድምፁ ያው ነው፣ የሚጠራው ስም ግን ያጥረዋል። የመግቢያው ዋጋ ደግሞ ጋራዥ ውሎ የሚመጣውን ልጅ ከበር ይመልሰዋል።

እኛ ውጭ ያለነው ምን አደረግን? የፍርስራሹን ፎቶ ተቀባበልን። አለቀስን። ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው፣ ያመኛልም።

በዚህ በኩል ብንማር የምለው አንድ ነገር አለ። በእኛ የዲሲ ኮንሰርት ከእኩለ ሌሊት በፊት ዘፋኙ አይወጣም። ልጅ አይገባም፣ አያት አትገባም። የልጆቻችን ጆሮ ማሲንቆን የሚሰማው መኪና ውስጥ ብቻ ነው። ይህችው ከተማ ግን ሙዚቃን በነፃና በቀን ትሰጣለች። በማልኮም ኤክስ ፓርክ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እሑድ እሑድ ከበሮ ይመታል፣ ማንም ከበሮውን ይዞ መቀላቀል ይችላል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ የተመለሱ እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ሲከተሉ አየሁ። ምቱ አልከበዳቸውም።

ባለፈው መስከረም ልጄን ይዤ አዳምስ ሞርጋን ዴይ ሄድኩ። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከበር የሰፈር በዓል ነው፤ አበሾች መጀመሪያ ከሰፈሩበት አካባቢ። አሥራ ስምንተኛው መንገድ ለመኪና ተዘግቷል። በቆሎ ይጠበሳል፣ ሳምቡሳ ይሸጣል፣ ከአንዱ በር የበርበሬ ቁሌት ሽታ ይወጣል። ጥጉ ላይ የጎ-ጎ ባንድ ይጫወታል። ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። መሪው ሰፈር መጥራት ሲጀምር «ሲልቨር ስፕሪንግ!» ብላ ጮኸች። ሰምቶ መለሰላት። በደስታ እጄን ጨመቀችው።

«አባቢ፣ አንተስ? ሰፈርህን ንገረዋ!»

ዝም አልኩ። እጄን ደጋግማ ጎተተች። ምቱ ዞሮ ሲመጣ፣ «ካዛንቺስ!» አልኩ።

ሰውየው ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። ደግሜ ነገርኩት። አንድ ጊዜ ለራሱ ሞከረው፣ ከዚያ ማይኩን ጠጋ አድርጎ «ካ-ዛን-ቺስ» አለ። ኮንጋ የሚባለው ከበሮ ተቀበለው። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ አብሮ አለ።