ቮሪኮናዞል ከመታዘዙ በፊት የዘረ መል ምርመራ ይቅደም?

አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ ሳምባቸውን ለያዘባቸው ሕመምተኞች ቮሪኮናዞል የተባለው ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ሲታዘዝ ዘረ መላቸው አስቀድሞ ይመርመር ወይስ አይመርመር? አንዲት ፋርማሲስት «ይመርመር» ትላለች፤ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይቃወማል።

ፋርማሲስቷ፦ ይህ መድኃኒት የሚሠራበት ልክ በጣም ጠባብ ነው። በደም ውስጥ በሊትር ከ1 ሚሊግራም በታች ከወረደ ፈንገሱ ሊያመልጥ ይችላል። ከ5.5 በላይ ሲወጣ ደግሞ ጉበት ይጎዳል፣ ሕመምተኛው የሌለ ነገር ያያል፣ ቤተሰቡም «አእምሮው ተነካ» ብሎ ይደነግጣል። መድኃኒቱን በዋናነት የሚሰባብረው ሲዋይፒ2ሲ19 የተባለ የጉበት ኢንዛይም ነው። ይህን ኢንዛይም የሚያዘውን ዘረ መል ከእናቱም ከአባቱም በማይሠራ ቅጂ የወረሰ ሰው በተለመደው መጠን ከሌላው በአማካይ 4 እጥፍ መድኃኒት በደሙ ይከማቻል። ታዲያ ይህንን ሰው ተመርዞ ካየነው በኋላ ነው የምናውቀው?

ሐኪሙ፦ እንዲህ ያለው ሰው በእኛ አገር ስንት ነው? በ1996 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ላይ የወጣው ጥናት ከ100 ሰው 5 ያህሉን ነው ያገኘው። በእስያ እስከ 20 ይደርሳል፤ የእስያን ችግር ወደ እኛ አናምጣ። ደግሞም በየክሊኒኩ የማዝዘው ሌላውን ፀረ ፈንገስ፣ ፍሉኮናዞልን ነው። እሱ 80 በመቶው ሳይለወጥ በሽንት ስለሚወጣ ዘረ መልን ሳይሆን ኩላሊትን ነው የምመረምረው።

ፋርማሲስቷ፦ ፍሉኮናዞል አስፐርጊለስን አይነካም፤ ስለዚህ ለዚህ ሕመምተኛ መልስ አይሆንም። 5 ሰው ብለው የቆጠሩትም ቀስ ብለው የሚሰባብሩትን ብቻ ነው። ኢንዛይሙን የሚያፈጥነው ስታር 17 የተባለው ቅጂ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲገለጽ ከተመረመሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። በእነሱ ዘንድ ከቅጂዎቹ 18 በመቶው ይኸው ነው፤ በቻይናውያን 4 በመቶ ብቻ ነበር። ያንን ቁጥር ወደ ሰው ስመልሰው ከ3 ሰው አንዱ ቢያንስ አንድ ፈጣን ቅጂ ይዟል። ዶክተር፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ሰው ነው። አይመረዝም፣ አያማርርም፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ ፈንገሱ ሳምባውን ይጨርሰዋል።

ሐኪሙ፦ ስጋትዎ ይገባኛል። ነገር ግን አንድ ፈጣን ቅጂ ያለው ሁሉ በደሙ ያለው መድኃኒት መጠን ይወርድበታል ማለት አይደለም። የሳምባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ሪፋምፒሲን እየወሰደ ከሆነ ዘረ መሉ ምንም ይሁን ምን ቮሪኮናዞሉ ከደሙ ይጠፋል። ብግነት ሲበረታ ደግሞ ኢንዛይሙ ራሱ ይደክማል፤ በዘር ፈጣን የነበረው ሰው በከባድ ሕመም ሳምንት ቀርፋፋ ሆኖ ይገኛል። ዘረ መል ይህን አይነግረኝም። የደም መጠን ልኬት ግን የሁሉንም ድምር ይነግረኛል። እጃችን ላይ ያለችው ጥቂት ገንዘብ ለእሱ ትዋል።

ፋርማሲስቷ፦ ልኬቱ ይቅር አላልኩም። ግን የሚለካው ሕክምናው ከተጀመረ ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ነው፤ በዚህ በሽታ ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ሕይወት ነው። ሲፒክ የተባለው የባለሙያዎች ስብስብ ለፈጣኖቹ አዋቂዎች ሌላ መድኃኒት ይመረጥ ይላል።

ሐኪሙ፦ ሌላው መድኃኒት የቱ ነው? ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን የተባለው ሌላው ፀረ ፈንገስ በእጄ ከሌለ ውጤቱን ይዤ ምን ላድርግ?

ፋርማሲስቷ፦ የኔዘርላንድስ ባለሙያዎች እጅግ ፈጣን ለሆነው፣ ማለትም ሁለቱም ቅጂው ስታር 17 ለሆነው፣ የመነሻውን መጠን 1.5 እጥፍ አድርጉ፣ ለቀርፋፋው በግማሽ ጀምሩ፣ የሁለቱንም የደም መጠን ለኩ ብለዋል። አዲስ መድኃኒት አይጠይቅም። ምርመራውም በዕድሜ አንዴ ነው፤ ነገ ልቡ ታሞ፣ ሥራ የሚጀምረው በዚሁ ኢንዛይም የሆነው የደም መርጋት መከላከያ ክሎፒዶግሬል ቢታዘዝለት ያው ወረቀት ያገለግለዋል።

ሐኪሙ፦ ይህኛውን እቀበላለሁ፤ ግን ጊዜ ላለው ሰው ነው። የደም ካንሰር ይዞት ኬሞቴራፒ የሚጠብቅ ሕመምተኛ ዘረ መሉ አስቀድሞ ይታወቅለት፣ መዝገቡ ላይም ይጻፍ። ትኩሳቱ 39 ደርሶ፣ ደም እያሳለው የገባውን ግን ለላቦራቶሪ ውጤት አላስጠብቀውም። በዚያው ማታ በተለመደው መጠን እጀምርለታለሁ፣ በ3ኛው ቀን ደሙን እልካለሁ።