ማስተካከያ፦ ዬል ተማሪን በውል አያስርም

ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የቅድሚያ ማመልከቻ (ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ ስለማመልከት) በጻፍነው ጽሑፍ ዬልን ከብራውንና ከኮርኔል ጋር ደርበን «ከተቀበሉ መግባት ግዴታ ነው» ብለናል። ስለ ዬል ያልነው ስህተት ነው። ብራውንና ኮርኔል «ኧርሊ ዲሲዥን» በሚባለው አስገዳጅ የቅድሚያ ማመልከቻ ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪ የሚፈርሙበት ስምምነት አላቸው፤ የተቀበሉት ተማሪም ሌሎች ማመልከቻዎቹን ይሰርዛል። ዬል ግን እስከ ኖቬምበር 1 ላመለከተ በዲሴምበር አጋማሽ መልስ ሰጥቶ፣ ለመወሰን እስከ ሜይ 1 ጊዜ ይሰጣል። በዋናነት የሚከለክለው በሌላ የአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲም በቅድሚያ ማመልከትን ነው።

ልዩነቱ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤዎችን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ሳያወዳድር መወሰን ለማይችል ቤተሰብ፣ ያ ፊርማ ከባድ ነው። እርግጥ ነው፣ ድጋፉ በቂ ካልሆነ ከስምምነቱ መውጣት ይቻላል፤ ይህንንም ሳንጠቅስ አልፈነዋል። አንባቢያንን ይቅርታ እንጠይቃለን።