ቀለብ ሲቋረጥ፣ እዚያና እዚህ

እህቴ ከባሏ ከተፋታች አምስት ዓመት ሆናት። ፍርድ ቤት ለሁለቱ ልጆች በወር 4,000 ብር ቀለብ ወስኖላታል። አባትየው የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት በደንብ ከፈለ። ከዚያ ለበዓል ለበዓል ብቻ መላክ ጀመረ። ቆይቶ ስልኩም ጠፋ።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የምሠራው ዋሽንግተን፣ ፓርኪንግ ውስጥ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። በሁለተኛው ቀን እህቴ "ነገ ፍርድ ቤት አለብኝ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ?" አለችኝ። ሄድኩ።

ውሳኔው በእጇ ነው። ግን ያንን ወረቀት ይዞ ሱቅ አይኬድም። ውሳኔው በተግባር እንዲውል የአፈጻጸም መዝገብ ማስከፈት አለባት። እዚያ ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቀው "የፍርድ ባለዕዳው የት ነው የሚሠራው?" የሚለውን ነው። ይህን አጣርታ ማምጣት ያለባት ራሷ ናት። ሦስት ቀን ከሥራ ቀርታ ስታጠያይቅ ነበር። ይሠራበታል ወደተባለው ድርጅት አብረን ሄድን። ከለቀቀ ሁለት ወር ሆኖታል። ዘበኛው አዝኖልን "መኪና ገዝቶ ታክሲ ይሠራል መሰለኝ" አለን። ታክሲ ከሆነ ደግሞ የሚቆረጥ ደመወዝ የለም።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቀለብ በተቀባዩ ፍላጎትና በሰጪው አቅም መጠን እንዲወሰን ያዛል። ኑሮ ሲለወጥም ይሻሻላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክለውን ሰው፣ አቤቱታ ሲቀርብበት፣ በእስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ደመወዝተኛ ከሆነ አሠሪው እየቆረጠ እንዲሰጥ ይታዘዛል። ሁሉም ተጽፏል። ሮጦ የሚያስፈጽመው ግን እናትየዋ ናት፣ በራሷ ታክሲ ገንዘብና በራሷ የሥራ ቀን።

አሜሪካ ይህ ሩጫ የእናት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በየስቴቱ ቻይልድ ሰፖርትን፣ ማለትም የልጅ ቀለብን፣ የሚከታተል ቢሮ አለ። አሠሪ አዲስ ሰው ሲቀጥር ቢበዛ በ20 ቀን ውስጥ ለስቴቱ ያሳውቃል። አባትየው ሥራ ቢቀይርም ትእዛዙ ተከትሎት ይሄዳል፤ ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። መንግሥት የሚመልስለት ትርፍ ታክስም ይያዛል። መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ሲያልፍ ፓስፖርት ይከለከላል። ይህን ስነግራት እህቴ ዝም ብላ ሰማችኝና "እናትየዋ ከሥራ አትቀርም ማለት ነው?" አለችኝ። ከዘረዘርኩላት ሁሉ እሷን የገረማት እሱ ነው።

እዚህ ያሉ ብዙ ወንዶች "አገሩ የሴት ነው" ይላሉ። አልስማማም። ልጅ የሁለት ሰው ነው። ግን አብሮኝ የሚሠራ፣ እንደ ወንድሜ የማየው ሰው የደረሰበትን ሳስብ ሆዴ ይባባል። በወር 600 ዶላር ተወስኖበት ነበር። በ2020 በኮሮና ሥራ ሲያጣ፣ ቀርቦ "ይቀነስልኝ" ማለት አፈረ። በ14 ወር ውስጥ 8,400 ዶላር ተጠራቀመበት። እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ባለው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የተጠራቀመውን ዳኛ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሰርዝም። ሊቀነስ የሚችለው ማመልከቻው ገብቶ ሌላው ወገን ካወቀበት ቀን ወዲህ ያለው ነው። አንድ ማመልከቻ በጊዜ ቢያስገባ ኖሮ አብዛኛው ባልተቆለለበት። እናቱ ጎንደር ሲያርፉ የአሜሪካ ፓስፖርቱ ጊዜው አልፎበት ነበር። ሊያሳድስ ሲል አይሆንም ተባለ። ለቅሶውን እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማው ውስጥ ተቀመጠ።

አባት ድንበር ሲሻገር ደግሞ የሁለቱም አገር ሕግ እጁ ያጥራል። የውጭ ፍርድ ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲፈጸም፣ የእኛም ፍርድ በዚያ አገር የሚፈጸም መሆን እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ይጠይቃል። አገሮች አንዱ የሌላውን የቀለብ ውሳኔ እንዲያስፈጽሙ የተዋዋሉበት፣ አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የምትሠራበት የሄግ የቀለብ ስምምነት አለ፤ ኢትዮጵያ ግን በውስጡ የለችም። ልጁ እዚያው መሐል ላይ ይቀራል።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። አባትየው ሲያቋርጥ እኔ መላክ ጀመርኩ። በየወሩ፣ ሳላጓድል። ጥሩ ወንድም የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሽማግሌዎቹም "ታገሺ፣ ወንድምሽ አለልሽ" አሏት። ታገሰች። ሕጋችን ደግሞ ሳይጠየቅ ሦስት ወር ያለፈው የቀለብ ውዝፍ፣ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ይቀራል ይላል። ይህን ስንሰማ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። የእኔ ዶላር የእሱን ዕዳ ሸፍኖለት ኖሯል። እዚህ እንደኔ የእህቱን ልጆች የሚያሳድግ ስንት ሰው አለ! ላኩ፤ አትላኩ አልልም። ግን በዚያው ወር ማመልከቻውም ይግባ። አቅም ለሌላት እናት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ ያግዛል።

እህቴ አሁን መዝገቧን አስከፍታለች። መኪናው በስሙ ከሆነ ማሳገድ ይቻላል ተብላለች። ልመለስ ስል ትልቁ ልጅ፣ የ12 ዓመቱ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አባቱን መኪና ውስጥ አይቶት ታርጋውን ደብተሩ ላይ ጽፎ መጣ። እህቴ ገጹን አየችውና ደብተሩን ዘግታ መለሰችለት። ልጇ አባቱን እንዲያሳግድ አልፈለገችም። ቁጥሩን በሌላ መንገድ፣ ራሷ ልታገኘው ነው። ቀጠሮዋ ኅዳር ላይ ነው።