እርማት፦ ማርን ላይ የተሸነፈው ትልቁ ሞልትኬ አይደለም

የጀርመን ግዛት የነበረችው ፕሩሲያ ኤታማዦር ሹም ስለነበረው ስለ ትልቁ ሄልሙት ፎን ሞልትኬ፣ «ከልጅነቱ የፕሩሲያ ወታደር ነበር፤ በ1914 ማርን ላይ ተሸነፈ» የሚለው አስተያየት ሁለት ስህተት አለበት (ዓመቶቹና ቀኖቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ ማርን ወንዝ ላይ የጀርመንን ጦር ይመራ የነበረው የወንድሙ ልጅ ነው። ስማቸውም ሹመታቸውም፣ ማለትም ኤታማዦር ሹምነቱ፣ አንድ ስለሆነ ሰው ይምታታበታል። ትልቁ ሞልትኬ ግን በሚያዝያ 1891 በርሊን ውስጥ አርፏል።

የተወለደው በ1800 ሜክለንበርግ ውስጥ፣ ፓርኺም ከተማ ነው። ኮፐንሃገን ሠልጥኖ በ1819 የዴንማርክ መኮንን ሆነ። ወደ ፕሩሲያ ጦር የገባው በ1822 ሲሆን፣ እንደገና ከምክትል መቶ አለቃነት ጀመረ። በ1839 የኦቶማን ጦር አማካሪ ሳለ፣ የጦሩ አዛዥ ሐፊዝ ፓሻ ወደ ቢሬጂክ ምሽግ እንዲያፈገፍግ መከረው። ፓሻው እምቢ አለና ኒዚፕ ላይ ድል ተመታ።

ዝናው የመጣው የጦር እንቅስቃሴን በማቀድ እንጂ ጎራዴ በመምዘዝ አይደለም። በ1866 ከኦስትሪያ ጋር በተደረገው ጦርነት ፕሩሲያ ሠራዊቷን በአምስት የባቡር መስመር ስታጓጉዝ፣ ኦስትሪያ ወደ ሞራቪያ የሚወስድ አንድ ዋና መስመር ብቻ ነበራት። ተለያይተው የተጓዙት የፕሩሲያ ጦሮች ሐምሌ 3 ቀን ኮኒግሬትስ የውጊያ ሜዳ ላይ ተገናኙ። የልዑል አልጋ ወራሹ ጦር የደረሰው ከቀትር በኋላ በመሆኑ፣ እስከዚያ ድረስ ውጤቱ አጠራጣሪ ነበር።